ሲሚንቶውን አንሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በወጣ ዕትማችሁ ላይ የአላታን ድልድይ ፎቶ አየሁ። ጥሩ ፎቶ ነው። ከሥሩ ግን «ፖርቱጋሎች የሠሩት» ብላችኋል። እስክሪብቶ ያነሳሁት ለዚህች አንዲት መስመር ነበር። ስጽፍ ስጽፍ ሌላ ነገር መጣብኝና ደብዳቤው ረዘመ። ከበዛ ቁረጡት። ስለ ሾላዋ የጻፍኩትን ብቻ አትቁረጡብኝ።

ግንበኛ ነኝ። 69 ዓመቴ ነው። ወገቤ እንቢ ስላለ ጡረታ ወጣሁ በሉት፣ ለግንበኛ ጡረታ ካለው። አሁን ባሕር ዳር ልጄ ዘንድ ነው የምኖረው።

የፎቶውን ነገር ልጨርስ። አላታ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከጢስ እሳት ፏፏቴ ዝቅ ብሎ፣ አባይ ትከሻውን አጥብቦ በገደል መሀል በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው። የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ.። ያኔ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮኖች፣ ብዙዎቹ ፖርቱጋሎች፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበሩ። ከህንድ የመጡ ባለሙያዎችም ነበሩ። በኖራ መገንባትም በዚያው ሰሞን ነው በአካባቢው የተለመደው። ይህን አልክድም። ግን ድንጋዩን ማን ጠረበው? ማን ተሸከመው? ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ማን አሰረው?

ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው ለአፄ ፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ሚሲዮኖቹን አባረሩ። ግንባታው ግን አልተቋረጠም፤ እንዲያውም የጎንደር ግንብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቶች «ፋሲል ሰባት ድልድይ አሠሩ» ይላሉ። ደብረ ሊባኖስ ብትሄዱ ደግሞ ገደሉ አጠገብ ያለውን ድልድይ አሁንም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሏችኋል። እሱን ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ከፖርቱጋሎቹ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። ድንጋይ ቅስት ሆኖ ካየን ቶሎ ብለን የፈረንጅ ስም እንፈልግለታለን። በሚቀጥለው ብታርሙት ደስ ይለኛል። ይኼው ነው።

አሁን ወደ መጣብኝ ነገር ልሂድ።

ያደግኩት ደቡብ ጎንደር ነው። ከቀያችን ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለች። ሁለት ቅስት ብቻ ናት። ሁለት የተጫኑ አህዮች ጎን ለጎን አያልፉባትም፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። የወንዙን ስም አልጠራም። ብጠራው ጣቴ የሚያርፈው ደመወዙ ትንሽ በሆነ አንድ ወጣት ሠራተኛ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የሱ ብቻ አይደለም። አገሬው «የፋሲል ድልድይ» ይላታል። እኛ ዘንድ ያረጀ ድልድይ ሁሉ የፋሲል ነው።

ልጅ ሳለሁ ታቦቱ ለጥምቀት የሚወርደው በዚች ድልድይ ላይ ነበር። ከከተራ በፊት ባለው ሳምንት ሰንበቴው ሁሉ ይወጣል። በጀት የለ፣ ስብሰባ የለ። ሴቶቹ ይጠርጋሉ። ወንዶቹ ማጭድና ዶማ ይዘው ከግንቡ ላይ የበቀለውን ይነቅላሉ። እኛ ልጆች ቀጭን እንጨት ይሰጠንና የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን እንጎረጉራለን። በየጎኑ ሦስት ሦስት ነበሩ። ክረምት የገባባቸውን ጭቃ አውጥተን ማዶው እስኪታይ ድረስ። አንድ ጊዜ ከቀዳዳው እንሽላሊት ወጥታ በእጅጌዬ ገባች፤ ሸሚዜን አውልቄ ስዘል ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ጥገና ነበር። እኛ ግን ለታቦት መንገድ የምንጠርግ ነበር የሚመስለን።

በኋላ ከላይ በኩል የጠጠር መንገድ ወጣ። ወንዙ ላይ ትልልቅ ቱቦ ተቀበረ። የጥምቀቱ ቦታም ወደዚያ ተዛወረ። መንገዱ መውጣቱ እሰየው ነው፤ ስንት ወላድ በቃሬዛ ከመንገላታት ዳነች። ድልድይቱን ግን የሚጠርጋት ቀረ። ገበያተኛው፣ እረኛው፣ ተማሪው አቋራጭ ስለሆነች አሁንም በሷ ነው የሚሻገረው። ለመሻገሩማ ማን ይቀራል።

ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ተዝካር ወደዚያ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጄን ይዤ። ድልድይቱ ጋ ስንደርስ «ቆይ አንዴ» አልኩትና ጎንበስ ብዬ ከሥር አየኋት። የግንበኛ ዓይን መጥፎ ነው፤ ሰው መልክ ሲያይ እሱ ስንጥቅ ያያል።

ከአንደኛው ቅስት ጎን፣ በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ መሀል፣ አንዲት ሾላ በቅላለች። ቁመቷ እስከ ክርኔ። ግንዷ አውራ ጣት ያክላል። ቅጠሏ ያማረ፣ አረንጓዴ፣ ምንም የማታውቅ ትመስላለች። ወፍ በልታ ዘሩን ጣለችው ማለት ነው። የሾላ ሥር ደግሞ ድንጋይ አይሰብርም፤ መንገድ ይጠይቃል። ዛሬ እንደ ክር ሆኖ በመጋጠሚያው ይገባል። ከርሞ እንደ ገመድ ይሆናል። ከዚያ ይወፍራል። ሲወፍር ድንጋዩ ቦታ ይለቃል። ቅስት ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ የቆመ ነገር ነው፤ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው የማይወድቀው። አንዱን ከመስመሩ ካወጣኸው ሌሎቹ የሚገፉት ያጣሉ።

ከኪሴ ሰንጢ አወጣሁና መቁረጥ ጀመርኩ። ከማዶ አንድ ጎረምሳ እየሮጠ መጣ።

«አባባ፣ እሱን አይንኩ! ቅርስ ነው!»

«ልጄ፣ ቅርሱ እኮ ድልድዩ ነው። ይቺ ቅርሱን የምትበላው ናት።»

«ቢሆንም ተናግረውናል። ምንም ነገር አትንኩ ተብሏል።»

ልጁን አልተቀየምኩትም። ድልድዩን የሚቆጣጠር አንድ ሰው መኖሩ ራሱ ደስ አለኝ። ግንዷን ቆርጬ ነበር። ሥሯ ግን ውስጥ ነው። ሾላ በሥሯ ካለች ታቆጠቁጣለች። ይኼን ስጽፍ አቆጥቁጣለች ማለት ነው።

የባሰው ግን ሾላዋ አይደለችም። ከሌላኛው ቅስት ሥር መጋጠሚያው ሁሉ በሲሚንቶ ተለስኗል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ በካዞላ ሳይሆን በእጅ የተለጠፈ የሚመስል። የአንዱ ሰው አምስት ጣት እንኳ ታትሞ ይታያል። የልጅ ልጄ መዳፉን ሄዶ ገጠመበት። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹም፣ እንሽላሊቷ የወጣችበት ሳይቀር፣ በዚያው ተደፍነዋል። «ስንጥቅ» መስሏቸው ነው መሰለኝ።

ስጠይቅ ስጠይቅ ታሪኩ ተገኘ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሌላ ሥራ ሦስት ኩንታል ሲሚንቶ ተረፈ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሲሚንቶ ደግሞ ክረምቱን ካሳለፈ ድንጋይ ይሆናል። አንድ ወጣት ሠራተኛ «ለድልድይቷ እናውለው» አለ። በቅን ልቦና። በዝናብ መሀል ለጠፉት፣ ፎቶ ተነሱ፣ «አንድ ድልድይ ተጠገነ» ተብሎ ሪፖርት ገባ።

እዚህ ላይ ሲሚንቶ ምን አደረገህ የሚለኝ አይጠፋም። ዕድሜ ልኬን በሲሚንቶ ነው የበላሁት። ልጆቼን ያስተማርኩት በሲሚንቶ ነው። ግን ሁሉም በቦታው ነው።

በ1966 ዓ.ም. ግድም፣ የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጎንደር ሄድኩ። አብያተ መንግሥቱ በዩኔስኮ እርዳታ ይጠገኑ ነበር። ሥራዬ ኖራ መሸከም ነው። ቀደም ሲል በሲሚንቶ የተጠገነውን በመሮ እያነሱ በኖራ ይተኩታል። በጣም ገረመኝ። ያኔ ሲሚንቶ ለኔ የከተማ ሽታ ነበረው፤ እነዚህ ሰዎች ለምን ወደ ኋላ ይሄዳሉ አልኩ። አለቃችንን፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጠየቅኳቸው። «ኖራ እንደ ጠላ ነው» አሉኝ። «ካልቆየ አይጠጣም።» ያልጠየቅኩትን መለሱልኝ። የጠየቅኩትን መልስ ከሥራው ነው የተማርኩት።

ነጩ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል። ወደ 900 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ሲወጣ ቀላል ነው፣ እንደ ደረቀ ዳቦ። ጉድጓድ ውስጥ ከተህ ውሃ ስትደፋበት ያለ እሳት ይፈላል። ይንተከተካል፣ ይተፋል። ግራ አንጓዬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ ትተወዋለህ። ወር፣ ሦስት ወር፣ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ለውሰህ ድንጋይ ታስርበታለህ። ሲሚንቶ በቀናት ውስጥ ይጠነክራል። ኖራ ግን አየር እየሳበ ቀስ በቀስ ነው ተመልሶ ድንጋይ የሚሆነው፤ ዓመታት ይፈጅበታል። እሱ ነው ጉዳዩ። ለስላሳ ስለሆነ ግንቡ ሲላወስ አብሮ ይላወሳል። ውሃ ቢገባበት መልሶ ያስወጣዋል።

ሲሚንቶ ግትር ነው። ከፊት ስትለስነው ውሃውን ከኋላ ያስቀረዋል። የድልድይ ውስጡ እኮ ጠጠርና ኖራ ብቻ ነው። ውሃ ከላይ ከመንገዱ ይሰርጋል፣ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፣ መጋጠሚያው ተለስኗል፤ በየት ይውጣ? ውስጡ ያለውን አሮጌ ኖራ እያጠበ መውጫ ይፈልጋል። ከቅስቱ ሆድ ላይ እንደ ሻማ ቅላጭ ነጭ ነጭ ነገር ሲንጠለጠል ካያችሁ እሱ ነው። የድልድዩ መቅኔ ነው የሚፈሰው። ባለፈው ጥቅምት አየሁት፤ ጣቴን ነካሁበት፣ ነጭ ሆነ። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እዚያ ሲሚንቶው ተነሥቶ በኖራ ተተካ። ለኛይቱ ትንሽ ድልድይ ግን ትምህርቱ አልደረሳትም።

ከተዝካሩ መልስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «ቅርስ ስለሆነች እንመዘግባታለን እንጂ ድልድይ መጠገን የኛ ሥራ አይደለም፤ መንገዶች ጋ ይሂዱ» አሉኝ። ሄድኩ። «ቅርስ ስለሆነች አንነካትም፣ የኛ መንገድም በዚያ አያልፍም» አሉኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አዘነችልኝና «ጋሼ፣ ማመልከቻ ያስገቡ» አለችኝ። አስገባሁ። ማኅተም ተመታበት። ማኅተሙ አሁንም ያምራል።

አንድ ነገር ደግሞ መናዘዝ አለብኝ። ከድልድይቱ ሥር አሸዋ ይወጣል። ጥሩ አሸዋ ነው፣ ጭቃ የሌለው። ወጣቶቹ በአካፋ ይቆልሉታል፤ ሲኖትራክ እየመጣ ይጭናል። ሥራ የለም፣ ምን ይብሉ። ወንዙ ግን በየክረምቱ ለተወሰደበት አሸዋ ሌላ ይፈልጋል፤ ከቅርቡ ይወስዳል። የመሀለኛው እግር መሠረት ድሮ አይታይም ነበር። አሁን ጉልበቴ ድረስ ተራቁቷል። ሦስት ረድፍ ያልተጠረበ ድንጋይ ወጥቶ ይታያል፤ መሠረት ማየት ደግሞ ለግንበኛ የሰው ገመና እንደማየት ነው። እና እኔ ራሴ፣ ባሕር ዳር በሠራኋቸው ስንት ቤቶች፣ «የዚያ ወንዝ አሸዋ ይምጣልኝ» እያልኩ አዝዣለሁ። ጥሩ አሸዋ ነዋ። ከየት እንደሚቆፈር አልጠየቅኩም። ለልጅ ልጄ ይኼን አልነገርኩትም፤ ጋዜጣ ያነብ እንደሆነ ያንብበው።

ትንሽ ድልድይ ናት፣ ብትወድቅስ የሚል ካለ ሰባራ ድልድይን ይጠይቅ። ሞጣን ከአንዳቤት ጋር፣ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር የሚያገናኘውን። እሱም የፋሲል ዘመን ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ተቆረጠ፤ ስሙም «ሰባራ» ሆኖ ቀረ። ጦርነቱ አለቀ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ ደርግ መጣ፣ ሄደ። ቅስቱ እንደተቆረጠ ነበር። ከ60 ዓመት በላይ። ሰው በሁለቱም ጫፍ ቆሞ ገመድ እየጎተተ፣ መንገደኛው ወገቡን ታስሮ ከአባይ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ነጋዴ፣ እናት፣ ሙሽራ። አንድ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚያን ፎቶ በመጽሔት ላይ አይቶ ተነሣ፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የሚል ድርጅት አቋቋመና በ2002 እ.ኤ.አ. የተቆረጠው በብረት ተገጠመ። በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ መጥቶ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሰውዬውን እግዜር ይስጠው። እኔን የሚቆጨኝ ፎቶው ሩቅ አገር መድረሱ አይደለም። እኛ በየቀኑ ያለ ፎቶ እያየነው መኖራችን ነው።

አዲስ ነገር አልጠላም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳሩን አዲሱን የአባይ ድልድይ በዱላዬ ተደግፌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄበታለሁ። 380 ሜትር ነው። ማታ መብራቱ ሲበራ ሰርግ ይመስላል። ኮራሁ። ግን ለድልድይ ሪቫን የሚቆረጠው አንድ ቀን ነው። አረም ነቅሎ፣ ቀዳዳ ጎርጉሮ ሪቫን የሚቆረጥለት የለም። እኔ የምጠይቀውም ይኼንኑ ሪቫን የሌለውን ሥራ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ አምስት ሰው ለአንድ ቀን። የበቀለውን ከነሥሩ መንቀል፤ ትልቅ ከሆነ ቆርጦ ሥሩን ማድረቅ። ቀዳዳዎቹን መክፈት። ከድልድዩ ላይና ታች ትንሽ ርቀት ተከልሎ አሸዋ እንዳይወጣ ማድረግ፤ ለልጆቹ ሌላ ቦታ እየተሰጣቸው። ሲሚንቶውን በመሮ፣ በዝግታ፣ ድንጋዩን ሳይጎዱ ማንሳት። በኖራ መመለስ። ይኼ ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ከሚሸጥበት ብር አይበልጥም፤ ሠርቼ ስለማውቀው ነው። እና ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ፣ በየትኛውም ይሁን፣ «ይቺ ድልድይ የኔ ናት» የሚል አንድ ሰው። ስሙ በወረቀት የተጻፈ።

ኖራ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ፈልጌ ነበር። ለአሲዳማ መሬት ለገበሬ የሚታደለውን ኖራ አንድ ወዳጄ በነጻ ሊሰጠኝ አለ። ባለቤቴ «እንኳን ተገላገልክ» አለች። እሱ ግን ያልተቃጠለ፣ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ለጤፍ ይሆናል፣ ለግንብ አይሆንም፤ ጭብጥ አድርገህ ብትተወው እስከ ዕለተ ምጽአት አይደርቅም። ወዳጄ ተቀይሞኛል መሰለኝ። በስንት ፍለጋ ያልበረደ፣ የተቃጠለ ኖራ አገኘሁ። ሁለት ኩንታል። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ደፋሁበት። ልጄ «አባዬ፣ ግቢውን አቃጠልከው» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤትም ወጣ። አሁን በርዷል። የልጅ ልጄ በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ክዳኑን ገልጦ እንዳይደርቅ ውሃ ይጨምርበታል።

ሦስተኛ ወሩን ይዟል። በእንጨት ስነካው እንደ ቅቤ ሆኗል። ካዞላዬንም ዝገቱን አራግፌ ዘይት ቀብቻታለሁ። የጎደለኝ ፈቃዱን የሚፈርምልኝ ሰው ነው። ይኼን የሚያነብ ባለሥልጣን ካለ ስሙን በጋዜጣችሁ በኩል ይላክልኝ፤ እኔ እሄዳለሁ፣ እሱ መምጣት የለበትም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ግንበኛ
ከባሕር ዳር